አሮጌውን ካሴት ያልከዳ ማሽን



ዛሬ የምናገረው መሐንዲሶች ለሃያ ዓመታት ያህል ስለታገሉለት አንድ ምርጫ ነው። አዲስ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ያለፈውን ሁሉ ጥሎ ከባዶ መጀመር ነው። ሁለተኛው ሰው እቤቱ ያስቀመጠውን አክብሮ፣ አዲሱን በአሮጌው ላይ መሥራት ነው። ባለከፍተኛ ጥራት ቪዲዮ፣ ማለትም ዛሬ ሁላችንም ኤችዲ የምንለው፣ ከዲስክና ከሚሞሪ ካርድ በፊት በማግኔታዊ ቴፕ ላይ ይቀዳ ነበር። ከመቅጃዎቹ መካከል ጥቂቶቹ ሁለተኛውን መንገድ መረጡ። እኔ ለእነዚህ ማሽኖች ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ምክንያቱን አስረዳለሁ። የሰጡን ተስፋ የት ላይ እንደሚያበቃም እናገራለሁ፤ ጉዳዩ ዛሬ መደርደሪያችን ላይ ያሉትን ካሴቶች ይነካልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከችግሩ እንጀምር። የቪዲዮ ምልክት ከድምፅ ምልክት እጅግ የበለጠ መረጃ ይይዛል። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 የመጀመሪያውን ለገበያ የበቃ የቪዲዮ መቅጃ ሲያሳይ፣ ቴፑ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ነበረው፤ ማሽኑም ግዙፍ ነበር። የቪዲዮ መቅጃ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በኋላ፣ ሌላ ብልሃት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲያ ነው። ይኸውም የሚጽፈውንና የሚያነበውን ሄድ በሚሽከረከር ድራም ላይ ተክሎ፣ ቴፑን በድራሙ ዙሪያ በሰያፍ መጠምጠምና ቀስ ብሎ እንዲጓዝ ማድረግ ነው። ጄቪሲ በ1976 ጃፓን ውስጥ ያወጣው ቪኤችኤስ የሚሠራው እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ በነበረው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ቴፑ በሰከንድ ከ2.3 ሴንቲሜትር ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ብቻ ይሄዳል። ድራሙ ግን በደቂቃ 1,500 ጊዜ ስለሚዞር ሄዱ የቴፑን ገጽ በሰከንድ 5 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይዳስሳል። እያንዳንዱ ዳሰሳ በቴፑ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር ይተዋል። የመስመሩ ስፋት 49 ማይክሮን ነው፤ ከአንዲት የራስ ፀጉር ይቀጥናል።

የዚያ ሁሉ ሠርግ፣ የዚያ ሁሉ ክርስትናና ምርቃት ምስል የተጻፈው በእነዚህ ሰያፍ መስመሮች ላይ ነው።

አሁን ኤችዲ መጣ እንበል። የፓል ቴሌቪዥን ምስል በዲጂታል ሲለካ 720 በ576 ነጥብ ነው። ሙሉው ኤችዲ 1920 በ1080 ነው። አባዙና አነጻጽሩት፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን በትክክል አምስት እጥፍ ይሆናል። ቪኤችኤስ ደግሞ የፓልን ሙሉ ጥራት እንኳ መያዝ አይችልም ነበር። ሳይታመቅ በስቱዲዮ ገመድ የሚያልፍ የኤችዲ ምልክት በሰከንድ 1.485 ጊጋቢት ነው። ይህን በግማሽ ኢንች ቴፕ፣ ያውም ሰው በለመደው ካሴት ውስጥ፣ ማን ያስገባዋል?

የመጀመሪያዎቹ መልሶች ካሴቱን የረሱ ነበሩ። ሶኒ በ1980ዎቹ ለስቱዲዮ የሠራቸው የኤችዲ መቅጃዎች ባለ 1 ኢንች ቴፕ፣ ባለ ክፍት ጥቅል ግዙፍ ማሽኖች ናቸው። ሥራቸውን በብቃት ሠርተዋል። ዋጋቸውን የሚችለው ግን ትልቅ ድርጅት ብቻ ነበር፤ ከቀድሞው ካሴት ጋርም ምንም ዝምድና አልነበራቸውም።

ጃፓን ውስጥ ግን ለቤት የሚሆን ነገር መፈለጉ አልቀረም። የሀገሪቱ የሕዝብ ማሰራጫ ኤንኤችኬ የኤችዲ ምርምሩን የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በ1991 በሳተላይት በኩል ሃይ-ቪዥን የተባለውን ባለ 1125 መስመር ስርጭት በየቀኑ ለሰዓታት ማስተላለፍ ጀመረ። ስርጭቱ አናሎግ ነበር። ተመልካች ስርጭት ካገኘ ደግሞ መቅዳት ይፈልጋል። ጄቪሲ በ1993 ደብሊው-ቪኤችኤስ የተባለውን ይዞ ቀረበ። ካሴቱ መጠኑም ቅርጹም የቪኤችኤስ ነው፤ በውስጡ ያለው ቴፕ ግን በተሻለ የብረት ብናኝ የተቀባ ነው። ዴኩ፣ ማለትም ካሴቱን የሚቀዳውና የሚያጫውተው ማሽን፣ ሃይ-ቪዥንን ይቀዳል፤ ያንኑ ዴክ የድሮ የቪኤችኤስ ካሴት ብታጎርሱትም ያጫውተዋል። ዋጋው ውድ ስለነበር ብዙ ቤት አልገባም። መንገዱን ግን አሳይቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ከሁሉም የሚያስደንቀኝን አልነገርኳችሁምና። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቪኤችኤስ ድምፅ ደካማ ነበር። በቴፑ ጠርዝ ላይ፣ በዚያ ዘገምተኛ ጉዞ የሚጻፍ ድምፅ ስለሆነ ይሻክራል። መሐንዲሶቹ ሃይፋይ ድምፅ ሊጨምሩ ፈለጉ፤ በቴፑ ላይ ግን ቦታ አልነበረም። ምን አደረጉ? ድምፁን ከምስሉ ሥር ቀበሩት። መጀመሪያ የድምፁ ሄድ ያልፍና ወደ ማግኔታዊው ሽፋን ጠልቆ ይጽፋል። ተከትሎ የምስሉ ሄድ በዚያው ቦታ ላይ ያልፍና በላይኛው ገጽ ብቻ ይጽፋል። ሁለቱ ሄዶች የተተከሉበት ማዕዘን ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አያነብም። በጠርዙ ላይ ያለው የድሮ ድምፅም እንዳለ ተተወ። ስለዚህ አዲሱን ካሴት በአሮጌ ዴክ ብታጫውቱት ምስሉም ድምፁም ይወጣል፤ በአዲስ ዴክ ብታጫውቱት ደግሞ የተቀበረው ጥሩ ድምፅ ይሰማል። በሁለቱም አቅጣጫ መግባባት ማለት ይህ ነው። የአሮጌው ዴክ ባለቤት ምንም አልተቀማም፤ አዲሱን የገዛውም ምንም አልጎደለበትም። ከዚህ የላቀ ትሕትና ያለው ምሕንድስና ጥቂት ነው የማውቀው።

በ1987 የመጣው ኤስ-ቪኤችኤስ ግን ይህን ያህል አልሆነለትም። የምስሉን ጥራት ከፍ አደረገ፤ ዴኩም ተራውን ቪኤችኤስ ያነባል። ተራው ዴክ ግን በኤስ-ቪኤችኤስ የተቀዳውን በወጉ አያሳይም። ከዚህ በኋላ የመጡት ሁሉ የያዙት ይህንን ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው፤ አዲሱ አሮጌውን ያነባል፣ አሮጌው አዲሱን አያነብም። በኤችዲ ዘመን ከዚህ የተሻለ ማግኘት አይቻልም ነበር ብዬ አምናለሁ። አሮጌ ዴክ ያልተማረውን ቋንቋ ከየት ያመጣል? ዋናው ነገር ሰው አዲስ ዴክ ሲገዛ የድሮ ካሴቶቹን ለመጣል አለመገደዱ ነው።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤምፔግ-2 የተባለው የምስል ማመቂያ ሥርዓት ደረጃ ወጣለት። ያ በሰከንድ ከ1 ጊጋቢት የሚያልፍ ጎርፍ ወደ 20 ሜጋቢት ገደማ ወረደ። በ1998 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የጀመረው የዲጂታል ቴሌቪዥን ስርጭት በአንድ ጣቢያ ሞገድ ላይ የሚልከው በሰከንድ 19.39 ሜጋቢት ነው፤ ኤችዲውም እዚያ ውስጥ ይገባል። በዚያው በ1998 ጄቪሲ ዲ-ቪኤችኤስን አወጣ።

የዲ-ቪኤችኤስ ብልሃት ስለ ምስሉ ምንም ለማወቅ አለመፈለጉ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት መቅጃዎች ምስሉን ተቀብለው፣ ወደ ራሳቸው መልክ ለውጠው ይጽፉ ነበር። ዲ-ቪኤችኤስ ግን ከጣቢያው የታመቀውን የቁጥር ጅረት እንደመጣ ተቀብሎ፣ ሳይፈታ፣ ሳይነካ ቴፑ ላይ ያስቀምጠዋል። ሲጫወትም ያንኑ ቁጥር ይመልሳል፤ ጥራት የሚወርድበት ቀዳዳ የለም። ለኤችዲ በተመደበው ፍጥነት በሰከንድ 28.2 ሜጋቢት ይጽፋል፤ ለ19.39ኙ ከበቂ በላይ ነው። አንዱ ትልቅ ካሴት በዚህ ፍጥነት ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀዳል፤ ሲሰላ ወደ 44 ጊጋባይት ይጠጋል። ያን ጊዜ አንድ ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ከሜካኒኩ አንጻር ደግሞ ተመልከቱት። ድራሙ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ይዞራል፤ የአሜሪካና የጃፓን ቪኤችኤስ ድራም የሚዞረው ልክ በዚህ ፍጥነት ነው። ለኤችዲ ቴፑ የሚጓዝበት ፍጥነትም በእነዚያ አገሮች የተለመደው የቪኤችኤስ ፍጥነት ነው። ካሴቱ በዚያው በር ይገባል፣ በዚያው መንገድ ይጠመጠማል። ካሴቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዴኩ የሚነግሩት ከሥሩ የተበሱ ትናንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። ዴኩ እነርሱን ዳስሶ ዲጂታል ከሆነ እንደ ዲጂታል፣ የድሮ ከሆነ እንደ ድሮው ያጫውታል። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት የ1980ዎቹን የልጅ ልደት፣ ማታ በ1080 መስመር የተላለፈ የኳስ ጨዋታ ማየት ይቻል ነበር።

በ2002 አራት የአሜሪካ ፊልም ድርጅቶች ፊልሞቻቸውን በዚሁ ካሴት በኤችዲ ማሳተም ጀመሩ፤ ዲ-ቲያተር ይባል ነበር። በብሉሬይ ዲስክ የታተመ ፊልም ገበያ የገባው በ2006 ስለሆነ፣ ለዚያ ጥቂት ዓመታት ያህል አሜሪካ ውስጥ በቤት ለማየት የሚሸጥ የኤችዲ ፊልም በዋናነት የሚቀርበው በቪኤችኤስ ቅርጽ ካሴት ነበር። ሰው ጊዜው አልፏል ብሎ የናቀው ሳጥን ከብሉሬይ ቀድሞ ደርሷል። ነገር ግን ድርጅቶቹ ፊልሙ እንዳይገለበጥ በምስጢር ቆለፉት፤ ቀደም ብለው የተሸጡ አንዳንድ የዲ-ቪኤችኤስ ዴኮች መክፈቻው ስላልነበራቸው ፊልሞቹን ማጫወት አልቻሉም። ቴፑ ይገባል፣ ሄዱ ያነባል፣ ምስሉ ግን አይወጣም። ይህ የፊዚክስ ገደብ አልነበረም፤ የሰው ውሳኔ ነው። በእኔ እምነት ትክክል ያልነበረ ውሳኔ ነው፤ ቅርጸቱን አምነው አስቀድመው የገዙትን ሰዎች ቀጥቷልና።

በሳጥን መግጠም ብቻ መግባባት እንዳልሆነ የእኛ ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። ከአዲስ አበባ የተላከ የሠርግ ካሴት በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ያለ ችግር ይታይ ነበር፤ እዚያም ፓል ነበርና። ያው ካሴት ዋሽንግተን ሲደርስ ግን በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኤንቲኤስሲ የተባለ ሌላ ሥርዓት ስለሆነ ዴኩ ይቀበለውና ምስሉ ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ካሴቱ ያው፣ ዴኩም ያው ቪኤችኤስ ነበር። የእኅትን ሠርግ ለማየት ካሴቱን ወስዶ ማስለወጥ ወይም ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ዴክ መፈለግ ግድ ነበር።

ሌላው ታላቅ ምዕራፍ በትንሿ ካሴት ላይ የተጻፈው ነው። በ1995 ዲቪ የተባለው ዲጂታል ቅርጸት መጣ። ሚኒዲቪ የምንላት ካሴት ቴፗ 6.35 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በላይዋ ላይ የሚጻፈው መስመር 10 ማይክሮን። የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎች፣ የዜና ሰዎች፣ በዝቅተኛ በጀት የሚሠሩ ፊልም ሠሪዎች በዓለም ዙሪያ በእርሷ ሠሩ። ከዚያ በ2003 ሶኒ፣ ጄቪሲ፣ ካኖንና ሻርፕ ተስማምተው ኤችዲቪን አስተዋወቁ። በዚያችው ካሴት፣ በዚያው የቴፕ ፍጥነት፣ በዚያው የመስመር ስፋት ኤችዲ መቅዳት ማለት ነው። ካሜራው ሁለቱንም ይቀዳል፤ በአንድ ቴፕ ላይ ግማሹን በዲቪ፣ ግማሹን በኤችዲቪ ማድረግ ይቻላል።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ዲቪ ለምስሉ በሰከንድ 25 ሜጋቢት ይጠቀማል። ባለ 1080 መስመሩ ኤችዲቪም 25 ሜጋቢት ነው። ምስሉ ግን 1440 በ1080 ነጥብ ስለሆነ ከፓል ዲቪው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ያው ቦታ፣ አራት እጥፍ ጭነት። እንዴት ተቻለ?

ዲቪ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ያመቃል። ኤችዲቪ ግን ኤምፔግ-2 ስለሆነ ፍሬሞችን በቡድን ያስተሳስራል። ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር እንደሚጻፍ ደብዳቤ አስቡት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁሉን ይዘረዝራል። የሚቀጥሉት «ሁላችንም እንደነበርን ነን፤ አዲስ ነገር ቢኖር እገሌ ቤት ለወጠ» ይላሉ። ኤችዲቪ በፓል አገር አንድ ሙሉ ፍሬም ይጽፍና ለተከታዮቹ አሥራ አንድ ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። ቦታ የሚቆጥበው በዚህ ነው።

የሚከፈለው ዋጋም እዚያው ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከጠፋ የቀሩት ትርጉም ያጣሉ። በዲቪ ቴፕ ላይ ትንሽ አቧራ ወይም ጭረት ቢያጋጥም በአንድ ፍሬም ላይ ጥቂት አራት ማዕዘኖች ይበላሻሉ፤ ተመልካች ላያስተውለውም ይችላል። በኤችዲቪ ቴፕ ላይ ያው ጭረት ሙሉ ቡድኑን ሊያጠፋው ይችላል፤ 12 ፍሬም ማለት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ሙሽራዋ ቀለበት ስታጠልቅ ምስሉ ቆሞ ይቀራል። ብዙ ካሜራ ያዦች ለኤችዲቪ የተሻለ ቴፕ ይገዙ የነበረው፣ አንዴ የተቀዳበትን ቴፕ ደግመው መጠቀም የተዉት፣ ሄድ ማጽዳትን በጥብቅ የያዙት በዚህ ምክንያት ነው። ትክክል ነበሩ፤ ቅርጸቱ ለስህተት የሚተወው ቦታ ጠባብ ነውና። ሆኖም ውጤቱን እመዝነዋለሁ። ያን ያህል ገንዘብ የሌለው ሰው በኤችዲ መቅረጽ የቻለው በኤችዲቪ ነው። በሱቅ ሁሉ የሚገኝ ካሴት መሆኑ ያን አስችሏል።

በቴሌቪዥን ጣቢያዎች በኩልም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ሶኒ በ1997 ኤችዲካምን ያወጣው ከ1982 ጀምሮ ዜና ሲቀዳበት በነበረው የቤታካም ቤተሰብ ግማሽ ኢንች ካሴት ላይ ነው። በ2002 የወጣው ሁለተኛው የስታር ዋርስ ተከታታይ ክፍል የተቀረጸው በኤችዲካም ካሜራ ነበር። ለእኔ ግን ከፊልሙ የሚበልጥብኝ ሌላ ነው። ሶኒ በኋላ ከሠራቸው የኤችዲካም ዴኮች አንዳንዶቹ አናሎግ ቤታካም ኤስፒን፣ ዲጂታል ቤታካምን፣ ሌሎች የቤተሰቡን ካሴቶችም አንብበው ወደ ኤችዲ ከፍ አድርገው ያወጡ ነበር። የአንድ ጣቢያ የሃያ ዓመት ዜና በአንድ ማሽን በር ይገባል ማለት ነው። የታሪክ ማኅደር ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ምን ስጦታ ይፈልጋል?

ታዲያ ስጦታው የተሰጠን በማሽኑ ውስጥ እንጂ በቴፑ ውስጥ አይደለም። አሮጌውን ካሴት የሚያነበው ዴኩ ነው፤ ዴኩ ከሌለ ካሴቱ ዝም ይላል። መጋቢት 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ የሶኒ የቴፕ ፋብሪካ ተጎዳ፤ የከፍተኛ ጥራት ካሴት እጥረት በዓለም ያሉ ስቱዲዮዎችን አስጨነቀ። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ወደ ፋይል መሻገር አፋጠኑ። በ2016 ሶኒ የቤታካም ካሴት ማምረት አቆመ። በዚያው ዓመት ፉናይ፣ ቪኤችኤስ ዴክ ማምረት የቀጠለ የመጨረሻው ታላቅ አምራች፣ መስመሩን ዘጋ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ማኅደር፣ በማግኔታዊ ቴፕ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር እስከ 2025 ካልተገለበጠ ብዙው እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ነበር። ዩኔስኮም በ2020 ለዓለም ተመሳሳይ ማንቂያ አሰምቷል። የ2025ቱ ቀነ ገደብም ደርሷል። ሄድ ያልቃል፤ የጎማ መንኮራኩር ይደርቃል፤ መለዋወጫ አይመረትም፤ ዴክ መጠገን የሚያውቀው ባለሙያም ያረጃል። ቴፑ ራሱም በእርጥበት ብናኙን የያዘው ሙጫ ይላቀቃል፣ ሻጋታ ይወርሰዋል።

ስለዚህ ከምስጋናዬ ጋር አንድ ልመና አለኝ። እቤታችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በማኅበራችሁ መጋዘን ውስጥ ካሴት ካለ ዘንድሮ ቁጠሩት። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ መቼ እንደተቀዳ፣ ማን እንዳለበት ጻፉበት። ሻጋታ ያለበትን ዴክ ውስጥ አታስገቡ፤ ካሴቱንም ዴኩንም ታጣላችሁ፤ ለሚያጸዳው ባለሙያ ስጡት። ሚኒዲቪና ኤችዲቪን በቴሌቪዥን ገመድ ሳይሆን በፋየርዋየር ገመድ ገልብጡ፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ሳይነካ እንዳለ ይወጣል። ያ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ስለሌለ የድሮውን ኮምፒውተር አትጣሉት። የሚሠራ ዴክ ያላችሁ ሰዎች ለጎረቤታችሁ አውሱ። የተገለበጠውን ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ዋናውን ካሴትም ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ በጠርዙ አቁማችሁ አኑሩት። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ሲገለበጥ አብራችሁ ተቀመጡና በምስሉ ላይ የሚታዩትን ሰዎች ስም ጠይቋቸው፤ ስሙን የሚያውቅ ማሽን የለም።